ባለቤት ያገኘ መናፈሻ

በ1825 አንድሩ ዊልያምስ የሚባል የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት፣ ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ድንጋያማ መሬት ላይ ሦስት ቦታ በ125 ዶላር ገዛ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊልያምስ ሊስትሮ ነበር። በዚያው ቀን ኤፒፋኒ ዴቪስ የሚባል የሱቅ ሠራተኛ 12 ቦታ በ578 ዶላር ገዛ፤ ጽዮን የምትባለው የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም ስድስት ቦታ ወሰደች። በኒውዮርክ ግዛት ባርነት ጨርሶ የቀረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ጥቁር ወንድ ድምፅ ለመስጠት የ250 ዶላር ቋሚ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድድ ነበር። መሬት መግዛት ለእነዚህ ሰዎች ጎጆ መቀለሻም፣ ሰው ተብሎ መቆጠሪያም ነበር።

ሰፈሩ ሴኔካ ቪሌጅ ተባለ። በ1855 ወደ 225 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች፣ ከቀሩት የሚበዙት ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ሙታናቸውን የሚቀብሩት፣ ጓሯቸውን የሚያለሙት እዚያው ነው። በከተማው እምብርት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሲኖር፣ እነርሱ በደጃቸው ነፋስ ነበራቸው።

ደቡብ በኩል ያለችው ከተማ ግን በየዓመቱ እያበጠች ወደ ሰሜን ትገፋ ነበር። በ1811 የወጣው የመንገድ ፕላን የማንሃተንን ደሴት በአራት ማዕዘን ቆራርጦ ሲሸነሽናት ለመናፈሻ ያስቀረው ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ዊልያም ከለን ብራያንት ከተማዋ ለሕዝቧ ሰፊ መናፈሻ ታዘጋጅ ብሎ በጋዜጣው መወትወት የጀመረው በ1844 ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1853፣ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሴኔካ ቪሌጅን ጨምሮ በደሴቲቱ መሐል ያለው መሬት ለሕዝብ ጥቅም እንዲወሰድ ፈቀደ።

ቀጥሎ የሆነውን የአማርኛ አንባቢ ለመረዳት አይቸገርም፤ የልማት ተነሺ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ለባለይዞታዎቹ ካሳ ተተመነ፤ ብዙዎቹ አነሰን ብለው ተሟገቱ። ጋዜጦች የገዛ መሬታቸው ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መሬት ወራሪና የደሳሳ ጎጆ ነዋሪ እያሉ ጻፉባቸው። በ1857 ሁሉም ወጥተው አለቁ። ለመናፈሻው ተብሎ በጠቅላላው 1,600 ያህል ሰው ከቤቱ ተነሥቷል። ሴኔካ ቪሌጅ ሌላ ቦታ ላይ ዳግም አልተቋቋመም፤ ሕዝቡ ተበተነ፣ ስሙም ከመቶ ዓመት በላይ ከሰው አፍ ጠፋ። ስለዚህ መናፈሻ መልካም ነገር የሚጽፍ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊጽፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሴንትራል ፓርክ ለተባለው መናፈሻ የንድፍ ውድድር ሲወጣ 33 ሥራዎች ቀረቡ። በ1858 ያሸነፉት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ናቸው። ትልቁ ብልሃታቸው የመንገዱ ነገር ነበር፤ መናፈሻውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጡትን አራት መንገዶች ከመሬቱ በታች ዝቅ አድርገው ቆፈሯቸው፤ ጋሪው ከሥር ሲያልፍ በላይ የሚሄደው ሰው ሳያየው ይሻገራል። ያን ጊዜ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያው መንገድ ግን ዛሬ አውቶቡስ ያስተናግዳል። ረግረጉን አድርቀው፣ አለቱን በባሩድ አፍርሰው፣ አፈር ከሌላ ቦታ አስግዘው ሐይቅና ኮረብታ ሠሩ። 341 ሄክታር በሆነው ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ዱር የሚመስለው ዱር ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። ይህ ደግሞ ኋላ ለመጣው ጣጣ ሁሉ ምክንያት ሆኗል፤ በሰው የተሠራ ተፈጥሮ ሰው ከተወው አይቆምምና።

በ1873 በመናፈሻው እምብርት አንድ ፏፏቴ ተመረቀ። በላዩ ክንፏን የዘረጋች መልአክ ቆማለች። ቀራጺዋ ኤማ ስቴቢንስ ነች፤ ከኒውዮርክ ከተማ ትልቅ የሕዝብ ሐውልት እንድትሠራ የታዘዘች የመጀመሪያዋ ሴት። ታሪኩ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተወሰደ ነው፤ በዐቢይ ጾም በመፃጉዕ እሑድ የሚነበበው፣ መልአክ ወርዶ ውሃውን ሲያናውጠው ድውያን የሚፈወሱበት የመጠመቂያው ታሪክ። ፏፏቴው የተሠራው በ1842 ከክሮተን ወንዝ ወደ ከተማዋ የገባውን ንጹሕ ውሃ ለማሰብ ነው። ኮሌራ ሰው እንደ ቅጠል ያረገፈባት ከተማ ለንጹሕ ውሃ የምስጋና ሐውልት ማቆሟ ተገቢ ነበር። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ባለው መተላለፊያ ጣሪያ ላይ፣ ጄኮብ ሬይ ሞልድ የተባለው ንድፍ አውጪ እንግሊዝ አገር ሚንተን ፋብሪካ የተሠሩ ከ15 ሺህ በላይ ባለ ቀለም የሸክላ ንጣፎች ደረደረ። እንዲህ ያለው ንጣፍ ለወለል የሚሠራ ነው፤ ሞልድ ግን ሽቅብ ሰቀለው። ወደዚህ ጣሪያ ኋላ እንመለሳለን።

የመናፈሻው ሥራ በ1876 ተጠናቀቀ ተባለ። የፖለቲካ ሰዎች የመናፈሻውን መሥሪያ ቤት ለደጋፊዎቻቸው እንጀራ መስጫ አደረጉት፤ አትክልት የማያውቅ ሰው አትክልተኛ ተብሎ ተቀጠረ። ቮክስ በ1895 ሞተ፤ ኦልምስቴድም ጡረታ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ 1934 ያለው ታሪክ በአመዛኙ የመበስበስ ታሪክ ነው። በ1934 ሮበርት ሞዝስ የከተማዋ መናፈሻዎች ኃላፊ ሆነው መጡና ከፌዴራል መንግሥት በተገኘ ገንዘብና በራሳቸው ብርቱ ክንድ ሁሉን ጠገኑት። ከ20 የማያንሱ የልጆች መጫወቻዎችን ሠሩ፤ እስከዚያ ዓመት በግ ሲግጥበት የነበረውን ሺፕ ሜዶው የተባለ መስክ ባዶ አድርገው በጎቹን ወደ ብሩክሊን ላኩ። ከ26 ዓመት በኋላ በ1960 ሞዝስ ሲለቁ ሥርዓቱም አብሯቸው ሄደ። ሞዝስን ብዙ ሰው በብዙ ነገር ይከሳቸዋል፤ ክሱም እውነትነት አለው። ቢሆንም በዚያ ዘመን አንድ ነገር ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቅ ነበር።

በ1960ዎቹ መናፈሻው የሕዝብ ሆነ፤ በእውነትም ሆነ። የመናፈሻዎች ኃላፊ የነበሩት ቶማስ ሆቪንግ ቅዳሜና እሑድ መንገዱን ለመኪና ዘጉ፤ ሙዚቃው፣ ሰልፉ፣ በዓሉ በዛ። በ1970 የመጀመሪያው የኒውዮርክ ማራቶን እዚያው መናፈሻ ውስጥ ዙሪያውን ተሮጠ፤ 127 ሰው ጀምሮ 55ቱ ብቻ ጨረሱ። ሰው በገፍ ሲገባ የሚጠግነው እጅ ግን እያነሰ ሄደ። በ1975 ከተማዋ የመክሰር አፋፍ ላይ ደረሰች፤ ሠራተኛ ሲቀነስ መናፈሻ ከሁሉ በፊት ተቀነሰ።

በዚያ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች ዛሬም ያሳዝናሉ። በጎቹ ይግጡበት የነበረው መስክ አቧራ ሆኗል፤ አፈሩ ከመረገጥ ብዛት እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ ዝናብ እንኳ አይሰርግበትም። ቤልቬዴር የሚባለው በድንጋይ የተሠራ ትንሽ ግንብ በሩ ታሽጎ፣ መስኮቱ ረግፎ ይታያል። ፏፏቴው ደርቋል። ደረጃውና ግድግዳው ሁሉ በቀለም ተሞነጫጭሯል። ሐይቆቹ በደለል ሞልተዋል። ሰው ከጨለመ በኋላ ቀርቶ በቀትርም ወደ ሰሜኑ ክፍል ለመግባት ይፈራ ነበር። ችግሩ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። ሠራተኞቹ ከመኪና ወርደው አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ የሚሠሩ ነበሩ፤ ቆሻሻ የሚያነሣው ዛፍ አይነካም፣ ዛፍ የሚቆርጠው ሣር አይመለከተውም። አንድ አግዳሚ ወንበር ሲሰበር የእኔ ነው የሚል አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ መናፈሻውን የደፈሩት ወሮበሎች አስቀድመው ያወቁት ባለቤት እንደሌለው ነው።

ማዳኑ ከሁለት አቅጣጫ ተጀመረ። በ1974 ሁለት የገንዘብ ገበያ ሰዎች፣ ጆርጅ ሶሮስና ሪቻርድ ጊልደር፣ የሴንትራል ፓርክ ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባል አቋቋሙ። በቀጥታ ችግኝ አልገዙም፤ በመጀመሪያ ጥናት አስጠኑ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ኢ. ኤስ. ሳቫስ ያቀረቡት ምክር አጭር ነበር፤ ለመናፈሻው አንድ ተጠያቂ ሥራ አስኪያጅ ይሾምለት፣ በላዩም ከዜጎች የተውጣጣ የጠባቂዎች ቦርድ ይቀመጥ።

በሌላው ወገን ኤልዛቤት ባርሎ ነበሩ። የቴክሳስ ተወላጅ ናቸው፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን ተምረው፣ ስለ ኦልምስቴድ መጽሐፍ ጽፈዋል። የሴንትራል ፓርክ ግብረ ኃይል የተባለውን አነስተኛ ቡድን ይዘው ወጣቶችና በጎ ፈቃደኞች አሰባሰቡ። በ1976 በኒውዮርክ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ አንባቢው በጉልበቱም በገንዘቡም መናፈሻውን ሊረዳ የሚችልባቸውን ከሠላሳ በላይ መንገዶች የዘረዘረ ነበር። እኔን የሚገርመኝ የዚያ ጽሑፍ መንፈስ ነው። ከተማዋ ገንዘብ አጥሯት በነበረበት ጊዜ ሰውን የጠየቁት ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው፤ ማማረር የሞላበት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ይዘህ ተነሥ ሲባል ሰሚ አገኘ።

በ1978 ኤድ ኮች ከንቲባ ሆኑ። የመናፈሻዎች ኃላፊ አድርገው የሾሟቸው ጎርደን ዴቪስ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። ዴቪስ መሥሪያ ቤታቸው ብቻውን እንደማይወጣው አልደበቁም። በ1979 የሴንትራል ፓርክ አስተዳዳሪ የሚባል አዲስ ሹመት ፈጥረው ባርሎን አስቀመጡበት። በተከታዩ ዓመት፣ በ1980፣ ሁለቱ የዜጎች ቡድኖች ተዋሕደው ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ተመሠረተ። የመጀመሪያው የቦርድ ሰብሳቢ የንግድ ሰው የነበሩት ዊልያም ባይነኪ ናቸው። ባርሎ ሁለት ባርኔጣ ደረቡ፤ በአንድ በኩል የከተማዋ ሹም፣ በሌላ በኩል የድርጅቱ መሪ። መሬቱ የከተማዋ ነው፤ ሕጉና ፖሊሱም የከተማዋ። ድርጅቱ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ያቅዳል፣ ይቀጥራል፣ ያድሳል። አገሩ ይህን ከዚያ በፊት በዚህ ስፋት አልሞከረውም ነበር።

ሥራው የተጀመረው ሰው በዐይኑ ሊያየው ከሚችለው ነው። ዘፋኙ ጄምስ ቴይለር በ1979 በሺፕ ሜዶው ላይ ያቀረበው ነፃ ኮንሰርት ለመስኩ ማደሻ መዋጮ የሚሰበሰብበት ነበር። የጠጠረው አፈር ተገለበጠ፣ የውሃ መስመር ተዘረጋ፣ አዲስ ሣር ተነጠፈ። ከዚያ ከባዱ ነገር መጣ፤ በሜዳው ላይ ኳስ መጫወትና ኮንሰርት ማድረግ ተከለከለ። ተው ባይ ያልነበረው ሕዝብ በአጥርና በደንብ ሲቀበሉት ቅር መሰኘቱ አልቀረም። ሣሩ ግን ለመለመ፤ የለመለመ ሣር ላይ ቆሻሻ የሚጥል ሰውም ቁጥሩ ቀነሰ። በ1981 ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከል በሌላው ትልቅ ሜዳ፣ በግሬት ሎውን፣ ለመናፈሻው ርዳታ ሲዘፍኑ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣ። ፏፏቴው በእነዚሁ ዓመታት ውሃ አገኘ። ቤልቬዴር በ1983 ተከፈተ። በ1985 ደግሞ ዮኮ ኦኖ በሰጡት አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ለሙዚቀኛው ባለቤታቸው ለጆን ሌነን መታሰቢያ የሚሆነው ስትሮቤሪ ፊልድስ ተመረቀ።

ሁሉም አልተወደደም። ራምብል በሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ዛፎች ሲቆረጡ ወፍ ተመልካቾች ተቆጡ፤ ለንድፍ ባለሙያው ያለቦታው የበቀለ ዛፍ፣ ለእነርሱ በስደት የሚያልፉ ወፎች ማረፊያ ነው። ባርሎና ባልደረቦቻቸው መሬቱን፣ ዛፉን፣ የውሃ መውረጃውን፣ ድልድዩን አንድ በአንድ እየመረመሩ ያዘጋጁት የእድሳት ዕቅድ በ1985 ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ የተሠራው አብዛኛው ነገር ከዚያ ዕቅድ የተቀዳ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው። ከመተላለፊያው በላይ ያለው መንገድ ውሃ ያሳልፍ ነበር፤ ንጣፎቹ የታሰሩበት ብረት ዝጎ ስለነበር ይወድቃሉ ተብሎ በ1983 ሁሉም ወረዱ። 15,876 ንጣፎች፣ በ49 ትልልቅ ገበታዎች፣ ተሸፍነው መጋዘን ገቡ። ለማደሻ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ ከ20 ዓመት በላይ መተላለፊያው ጣሪያው ባዶ ሆኖ ቀረ። ገንዘቡ ሲገኝ የድርጅቱ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ሸክላ በእጃቸው አጠቡ፤ የተሰነጠቀውን አጣበቁ፣ የተገጠበውን በቀለም ሞሉ። ከጥገና ያለፉት ደግሞ በጥንቱ ዘዴ እንግሊዝ አገር እንደገና ተሠሩ። በ2007 ጣሪያው በቦታው ተመለሰ። ያን ያህል ጊዜ የተቀመጠ ሸክላ መሰበር፣ መሸጥ፣ መረሳት ነበረበት፤ አንድ ተቋም ሰዎቹ እየተቀያየሩበትም አደራ ሊያስታውስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ዘመኑ ቅደም ተከተል እንመለስ። በሚያዝያ 1989 አንዲት ሯጭ ሴት በሰሜኑ ክፍል በጭካኔ ተደብድባና ተደፍራ ተገኘች። አምስት ጥቁርና ላቲኖ ታዳጊዎች ተይዘው፣ በምርመራ ተገድደው የሰጡት ቃል ማስረጃ ሆኖባቸው ተፈረደባቸው። እውነተኛው ጥፋተኛ በ2002 አምኖ፣ የዘረመል ምርመራም አረጋግጦ ፍርዱ እስኪሻር ድረስ የወጣትነት ዘመናቸው በእስር አለፈ። ያ ወንጀልና ያ ፍርድ መናፈሻውን የፍርሃት መጠሪያ አደረጉት። ድርጅቱ ያን ጊዜ ዐይኑን ወደ ሰሜን ማዞር ጀምሮ ነበር፤ ከሃርለም ሰፈር ጋር የሚዋሰነው ሃርለም ሚር የተባለው ሐይቅ ተጠርጎ፣ በዳርቻው የጎብኚዎች ማዕከል ተሠርቶ በ1993 ተከፈተ። ለእኔ መዘግየቱ ነው የሚታየኝ፤ ሀብታሞች በሚያዩት በደቡቡ በኩል እድሳቱ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበርና።

በዚያው ዓመት ጊልደር 17 ሚሊዮን ዶላር ልስጥ አሉ፤ ግን ድርጅቱም 17፣ ከተማዋም 17 ሚሊዮን እንዲያመጡ። ሁለቱም አመጡ፤ 51 ሚሊዮን ሞላ። ግሬት ሎውን ለሁለት ዓመት ተዘግቶ፣ 18 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በ1997 እንደ አዲስ ተከፈተ።

ነገር ግን ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ ለውጡን ያመጣው በ1996 የተደረገ አንድ የአሠራር ውሳኔ ይመስለኛል። ኋላ የድርጅቱ መሪ የሆኑት ዳግላስ ብሎንስኪ መናፈሻውን በ49 ቀጠና ከፈሉት፤ ለእያንዳንዱም ቀጠና አንድ አትክልተኛ መደቡ። ከመኪና ወርዶ የሚሄድ ቡድን ቀረ። የቀጠናው አትክልተኛ ሣሩንም፣ ቁጥቋጦውንም፣ ወንበሩንም፣ ቆሻሻውንም ይመለከታል፤ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፎ የሚያሠራውም እርሱ ነው። ጠዋት ቀጠናው ውስጥ ሲገባ ማታ ያልነበረ ነገር ካለ ያውቃል። በየቀኑ ውሻውን የሚያንሸራሽረው ጎረቤት ስሙን ጠርቶ የቧንቧ መፍሰስ ይነግረዋል። ሳቫስ ከ20 ዓመት በፊት ለጠቅላላው መናፈሻ አንድ ተጠያቂ ይኑር ሲሉ የመከሩት እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ መሬት ወረደ።

ባርሎ በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። በ1998 ከተማዋና ድርጅቱ የስምንት ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ እስከዚያ ድረስ ለ18 ዓመት በመግባባት ሲሠራ የኖረው ነገር በወረቀት ሰፈረ። ድርጅቱ በሰበሰበውና ባወጣው መጠን ከተማዋ ክፍያ ልትከፍለው ተስማማች፤ መናፈሻው ግን የከተማዋ ንብረትነቱ አይነካም። ውሉ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ሄዷል።

በኅዳር 2001፣ የመስከረሙ የሽብር ጥቃት ሐዘን ገና ከከተማዋ ሳይወጣ፣ የማራቶኑን የወንዶች ውድድር ተስፋዬ ጅፋር በ2፡07፡43 አሸነፈ። ይህም የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ አሥር ዓመት ቆየ። በ2009 ደራርቱ ቱሉ በዚያው ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች፤ በ2023 ደግሞ ታምራት ቶላ በ2፡04፡58 አዲስ ክብረ ወሰን ጻፈ። ሦስቱም የመጨረሻውን መንገድ የሮጡት በዚህ መናፈሻ ዛፎች ሥር ነው፤ በቴሌቪዥን የምናውቀው ያ መንገድ ከአንድ ትውልድ በፊት ሰው ብቻውን ለመሄድ የሚሸሸው ነበር።

ከተሳካ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከመሳካቱ በፊት ከነበረው ይከብዳል። በ1982 ሰኔ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ኑክሌር ጦር መሣሪያን ተቃውሞ የተሰለፈበት ግሬት ሎውን፣ በ2004 የኢራቅን ጦርነት ለሚቃወም ሰልፍ ሲጠየቅ ከተማዋ ሣሩ ይጎዳል ብላ ከለከለች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 በስምምነት አለቀ። ሣርን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሣር ከሕዝብ ድምፅ ሲበልጥ መናፈሻው የማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። በ2012 የገንዘብ ገበያው ባለሀብት ጆን ፖልሰን 100 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡ ክርክሩ ጋለ። ብሮንክስና ኩዊንስ ውስጥ ሀብታም ጎረቤት የሌላቸው መናፈሻዎች አሉ፤ ልጆቻቸው የሚጫወቱት በተሰነጠቀ አስፋልት ላይ ነው። የግዛቱ ሴናተር ዳንኤል ስኳድረን በ2013 ሀብታሞቹ የመናፈሻ ድርጅቶች ከበጀታቸው 20 በመቶ ለድሆቹ ያካፍሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሕግ አልሆነም። የሐሳቡ ተቃዋሚዎች ሰጪው ለጎረቤቱ መናፈሻ ብሎ የሰጠውን ብንወስድበት መስጠቱን ይተዋል አሉ፤ ይህም እውነት አለው። እኔ ግን የስኳድረን ጥያቄ ተድበስብሶ አለፈ እንጂ ተመለሰ ብዬ አላምንም።

በ2011 የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች በምዕራቡ ጠርዝ ቆፈሩ። የኦል ኤንጅልስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው የዊልያም ጎድፍሬይ ዊልሰን ቤት መሠረት ወጣ፤ ከውስጡም የብረት የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ መጥበሻና አንዲት ትንሽ የቆዳ ጫማ ተገኙ። በጎጆው ሻይ የሚያፈላ ቤተሰብ ነበር፤ ጋዜጦቹ መሬት ወራሪ ያሉት ይህንን ነው። ድርጅቱ በ2019 በቦታው ላይ የሰፈሩን ታሪክ የሚናገሩ ጽሑፎች አቆመ።

በ2018 መኪና ከመናፈሻው መንገዶች ሙሉ በሙሉ ወጣ። በ2020 ጸደይ፣ ኮቪድ ከተማዋን ሲያንቀጠቅጥ፣ በምሥራቁ መስክ ላይ 68 አልጋ ያለው የድንኳን ሆስፒታል ተተከለ። በ2022 ታኅሣሥ በ110ኛው ጎዳና በኩል ያለው መግቢያ፣ በሐሰት ለተፈረደባቸው አምስት ሰዎችና እንደ እነርሱ ለሆኑ ሁሉ፣ ነፃ የወጡት ሰዎች በር ተብሎ ተሰየመ።

ከዚያ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1966 የተሠራው ላስከር የተባለ መዋኛና የበረዶ መንሸራተቻ ነበር። የኮንክሪቱ ግዝፈት ከደቡብ የሚወርደውን ጅረት ከሃርለም ሚር ለይቶት፣ ውሃው በቧንቧ ከሥሩ ያልፍ ነበር። ድርጅቱ በ2021 አፍርሶት እንደገና መሥራት ጀመረ። 160 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ከዚህ ውስጥ 60 ሚሊዮኑን ከተማዋ፣ ቀሪውን ድርጅቱ ሸፈኑ። አዲሱ ሕንፃ ጣሪያው ሣር ለብሶ ከኮረብታው ጎን ገብቷል፤ ጅረቱም ከቧንቧው ወጥቶ በፀሐይ እየፈሰሰ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በሚያዝያ 2025 ሲከፈት በጎርደን ዴቪስ ስም ተጠራ። በሙቀቱ ወራት መዋኛ ነው፣ በብርዱ ወራት የበረዶ ሜዳ፤ በመካከላቸው ደግሞ ሣር ይነጠፍበታል። ለዋና የሚመጡ የሃርለም ልጆች የሚከፍሉት የመግቢያ ዋጋ የለም።